ኤም.ቢ.ኤ. ተምሮ የመጣውን ወንድም ምን እናድርገው?

ከአብያተ ክርስቲያናችን ወጣቶች መካከል በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ማለትም ኤም.ቢ.ኤ.፣ ለመማር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቁ አሉ። በተለይ ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያናዊ ከሆነ የሽማግሌዎች ጉባኤ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ንግድ የዓለም ነው፣ ነገረ መለኮት ይማር» ሲል ሌላው «የክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለሆነ ይባረካል» ይላል። ለእኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘልለውታል።

እዚህ ደቡብ ወሎ የምንኖር ምእመናን ሩቅ ሳንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስን ብናስብ ይጠቅመናል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን አስተምሯል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ይህ ማዕረግ በኋላ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ሆነ። በእምነት አቋማችን ከገዳሙ ብንለይም ታሪኩ የሁላችንም ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን ጥንታውያን አድባራትና ገዳማትም የርስት ስጦታና የንብረት መዝገብ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ ሊሽረው ለሚነሳም ግዝት ይታከልበት ነበር። አባቶች የንብረት መዝገብን ከወንጌል ጋር በአንድ ጥራዝ ማኖርን እንደ ርኩሰት አላዩትም። እንዲያውም መዝገቡ እንዳይነካ የተሻለ ሳጥን አላገኙለትም!

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ንግድን ከእምነቱ ጋር የሚያገናኘው ራሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል የሚፈልግ በናይሮቢ ዴይስታርን፣ በኡጋንዳ ሙኮኖ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተውን ዩጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን፣ ወይም በአሜሪካ ፓት ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረተውን ሪጀንትን ይመለከታል። በእነዚህ ሁሉ ኤም.ቢ.ኤ. አለ። ሒሳብ ግን ዳግመኛ አይወለድም፤ ዴቢትና ክሬዲት በየትም ዩኒቨርሲቲ ያው ናቸው። ልዩነቱ ስለ ገንዘብና ስለ ሥልጣን የሚነሣው ጥያቄ በእግዚአብሔር ፊት መጠየቁ ላይ ነው። ይህም ቀላል አይደለም። ብቻ ተማሪው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ በተለይ ትምህርቱ በርቀት ከሆነ፣ ዲግሪው አገር ቤት የአቻ ግምት ማግኘት አለማግኘቱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራ።

ትልቁ ችግር ግን ከምረቃ በኋላ ይመጣል። ልጃችን ተመርቆ ሲመለስ እናጨበጭባለን፣ ከመድረክ እንጸልይለታለን፣ ከዚያም መባ ቁጠር እንለዋለን። የሒሳብ መዝገቡ ግን ለዓመታት በያዘው ሰው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጥያቄ ቢያነሳ «መንፈሳዊ አይደለም» ይባላል። አብያተ ክርስቲያናት በልማት ድርጅቶቻቸው በኩል የሚሠሩት ሥራ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት የኦዲት ሪፖርት ይቀርብበታል። ለጋሾችም ይጠይቃሉ። እንግዲህ ከውጭ የመጣው ዶላር ኦዲተር ሲኖረው፣ እንጀራ ሸጣ አሥራት የምታመጣው መበለት ገንዘብ ለምን ኦዲተር ያጣል? ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21 እንደምናነበው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት ተጓዘ። ምክንያቱንም ሲናገር በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት ነው አለ። ያ ሐዋርያ ነው እንግዲህ!

እኛ መጋቢዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስብከትና የትርጓሜ ስልት ተምረናል፤ የሒሳብ ሚዛን ማንበብ ግን የሚችል ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ የተማረውን ወንድም ብንፈራው አይደንቅም። መፍራታችን ግን መዝገቡን ዘግተን ለማቆየት ምክንያት አይሆንም።

እንግዲህ የሽማግሌዎች ጉባኤ የድጋፍ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ ያስፍር፦ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሲመለሱ የትኛውን መዝገብ እንደሚያዩ፣ ሪፖርታቸውን ለማን እንደሚያቀርቡ፣ ምእመናንም በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰሙት። በዚህ ላይ መፈረም የከበደው ጉባኤ ለትምህርቱ ያሰበውን ገንዘብ ዘንድሮውኑ ከደሴ የውጭ ኦዲተር ቢጠራበት ይሻለዋል።