የሙክቱ ጨጓራ ጊዜ ይፈልጋል

በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች በግ አድልቦ ለበዓል ገበያ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። የሰሜን በግ በግዝፈቱ የታወቀ ስለሆነ በደንብ ከተያዘ የልፋትን ዋጋ ይከፍላል። ችግሩ የሚመጣው በዓሉ ሲቃረብ ነው። ወራቱን በገብስ ገለባ የከረመ በግ ድንገት የገብስ እህል በገበታ ይቀርብለታል። ጠግቦ ያድራል፤ በማግስቱ ማመስኳት ያቆማል፣ ፋንድያው ይቀጥንና ይኮመጥጣል፣ ይተኛል፣ ከዚያም ይሞታል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል። የሞተው ግን ከጠገበው እህል የተነሳ ነው።

በግ ሲታረድ ከጨጓራው ተዝቆ የሚደፋው ፈርስ ሕይወት ያለበት ነገር ነው። ከባክቴሪያዎች ሌላ፣ ሽፋሽፍት በመሰለ ፀጉር የሚዋኙ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይኖሩበታል። ሲሊየት ይባላሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ከ10 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። ግሩቢና ደላፎንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ፓሪስ ላይ ስለ እነሱ ከጻፉ ወዲህ ሲጠኑ ኖረዋል። በጉ ቤትና ቀለብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ገለባ በመፍጨት ያግዛሉ። ከዚህ ይልቅ አድላቢውን የሚመለከተው ሌላ ሥራቸው ነው። የእህሉን ስታርች ውጠው ስለሚያቆዩት ወዲያው ወደ አሲድ አይለወጥም። በእርግጥ ባክቴሪያም ስለሚበሉ ከፕሮቲኑ የተወሰነውን ያባክናሉ፤ በግ ያለ እነሱም መኖር ይችላል። እህል በሚበዛበት ጊዜ ግን ልጓም ናቸው።

እህሉ ድንገት ሲበዛ አሲድ አምራች ባክቴሪያዎች ይቀድማሉ፤ ጨጓራው ሲኮመጥጥ ሲሊየቶቹ ያልቃሉ፣ ልጓሙም ይበጠሳል። ስለዚህ የማድለብ ምክር መጀመር ያለበት «ምን ይብላ?» ከሚለው ሳይሆን «በስንት ቀን ይልመድ?» ከሚለው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት መጨመር፣ ገለባውን ማስቀደም፣ እህሉን ጠዋትና ማታ ከፍሎ መስጠት። ገብሱን አልሞ መፍጨትም አያስፈልግም፤ ዱቄት ቶሎ ይፈላል፣ በግ ደግሞ ጥሬውን ማኘክ ያውቅበታል።

ግልገል ሲወለድ ሲሊየት የለውም። የሚያገኘው ከእናቱ ምራቅና አብሮ ከመብላት ስለሆነ፣ ከትልልቆቹ ፈጥኖ መለየት አይጠቅመውም። ክረምት ሲገባም ከብቱ ባዶ ሆዱን እርጥብ ማገጥ ላይ ከሚሰማራ አስቀድሞ ገለባ ቢቀምስ ከመነፋት ይድናል። በዩሪያ የታከመ ገለባም ቀስ በቀስ መለመድ አለበት፤ በተለምዶ ታፍኖ የሚቆይበት 21 ቀን ደግሞ ለደባርቅ ብርድ ስለሚያንስ ቢረዝም ይሻላል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ የሚደልበውን በግ ቁጥር መያዙ ተገቢ ነው። ለፋሲካ በሚደልበው ላይ ግን የሁዳዴ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት «የመላመጃ ጊዜ» ተብለው በዕቅዱ ይጻፉ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የአርሶ አደሩን በረት የሚጎበኘው በዓሉ ሲደርስ ሳይሆን የመጀመሪያዋ እፍኝ ገብስ በምትሰጥበት ሰሞን ይሁን።