«ከዳች» ከማለታችሁ በፊት

አንዲት የኛ ልጅ የሌላ ሀገር መለያ ለብሳ ባሸነፈች ቁጥር ስልኩን አንስቶ «ሆዳም»፣ «ባንዳ»፣ «ከዳተኛ» የሚል አይጠፋም። ሰዎቹ እስካሁን በዚህ ስድብ አልደከሙም። እኔ ግን ደክሞኛል። ላስታ ውስጥ ያደግሁ የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ ይሄ ቃል እኛን እንዴት እንደሚነካን ልንገራችሁ።

በአንድ ሰው እንጀምር። ዘነበች ቶላ በ1984 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ገና በወጣትነቷ ከሀገር ወጥታ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ሎዛን ተቀመጠች። በኋላ ዜግነት የሰጠቻት ባሕሬን ነበረች። ባሕሬን ሕዝቧ የአዲስ አበባን ሕዝብ እንኳ የማያህል ትንሽ የደሴት ሀገር ናት። ስሟም መርየም ዩሱፍ ጀማል ሆነ።

መርየም በ2007 ኦሳካ ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2009 በርሊን ላይ ደገመችው። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ሦስተኛ ሆና ገባች። ከፊቷ የነበሩት ሁለቱ የቱርክ ሯጮች አስሊ ቻኪር አልፕቴኪንና ጋምዜ ቡሉት ከጊዜ በኋላ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ውጤታቸው ተሰረዘ፤ የመርየም ነሐስ ወርቅ ሆነ። ኢትዮጵያ፣ ያቺ የሯጮች ሀገር፣ በ1,500 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ እስካሁን የላትም። ባሕሬን ግን አላት፤ ያመጣችላትም የአርሲ ልጅ ናት።

በርሊን ላይ የሆነውን ደግሞ አስታውሱት። በመጨረሻው ዙር የኛዋ ገለቴ ቡርቃ ስትመራ ስፔናዊቷ ናታሊያ ሮድሪጌዝ በውስጥ በኩል ልታልፍ ስትገባ ተጋጩና ገለቴ ወደቀች። ሮድሪጌዝ አንደኛ ብትገባም ተሰረዘች፤ ወርቁ ለመርየም ተሰጠ። ገለቴም መርየምም የአርሲ ልጆች ናቸው። ለንደን ላይ በዚያው ውድድር ለኢትዮጵያ የሮጠችው የአዲግራቷ አበባ አረጋዊ ደግሞ በዓመቱ ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ለስዊድን። አንድ ልጅ ስትሄድ የልጅቷ ነገር ነው ልንል እንችላለን። ሲደጋገም ግን ቤቱን መጠየቅ አለብን።

ቤቱ ምን ይመስላል? በኦሊምፒክ አንድ ሀገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ አይችልም። አራተኛዋ ሌላ ሀገር ብትወለድ ኖሮ ለፍጻሜ የምትደርስ ብትሆንም፣ እዚህ ቴሌቪዥን ተመልካች ናት። የሩጫ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። «ጠብቂ» ማለት ለሯጭ «ተዪው» ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ከሰሜን ወሎ ስንት እህቶቻችን ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ማናማም ጭምር ለቤት ሥራ ሄደዋል? እነሱን «ከዳተኛ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ለናቷ ብላ ነው»፣ «ቤት ልትሠራላቸው ነው» እንላለን፤ ብር ስትልክ እንመርቃታለን። ያቺው ማናማ ውስጥ አንዷ የሰው ወለል ስትወለውል ጀግና፣ ሌላዋ ሮጣ ስታሸንፍ ባንዳ የምትሆነው በምን ሒሳብ ነው? እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ ስደት አያናድደንም። የሚያናድደን ስደተኛዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በቴሌቪዥን መታየቷ ነው።

«ሀገሪቱ አየሯን፣ ከፍታዋን ሰጥታታለች» የሚሉም አሉ። ወዳጆቼ፣ ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ ላስታ በሻምፒዮን ተጥለቅልቆ ነበር። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ አሸተን ማርያም ወጥቶ መውረድ የሽማግሌም ሥራ ነው። ታዲያ ሯጮቹ ለምን ከበቆጂ ይወጣሉ? በቆጂ ውስጥ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ከልጅነታቸው ያሠለጠነ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አሠልጣኝ ስለነበረ ነው። ሰው ነው ልዩነቱ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ስፖርት ማለት አንድ ፊሽካ፣ አንድ የተነፈሰ ኳስና ድንጋያማ ሜዳ ነበር። ከክፍሌ ማንም የማይደርስባት ልጅ ነበረች፤ ሰዓቷን የያዘላት ሰው ግን አልነበረም። ስምንተኛን ሳትጨርስ ዓረብ ሀገር ሄደች። እሷን ማን ከዳት?

ባሕሬንን ቅድስት ለማድረግ አይደለም። ዜግነትን ለሜዳሊያ መስጠት ንግድ ነው፤ ሯጭ ስሟን ሳይቀር ቀይራ የምትኖርበት ንግድ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበሩም ነገሩ ስላሳሰበው በ2017 የሀገር ለውጥን አግዶ፣ በ2018 ሦስት ዓመት መጠበቅንና ቢያንስ 20 ዓመት መሙላትን ግዴታ አደረገ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ልጆችን ከደላላ ይጠብቃል። ግን ሕጉ በሩን ያጠብባል እንጂ ቤቱን አያሞቅም። ማንም ከሞቀ ቤት በሦስት ዓመት ወረፋ አይወጣም።

ስለዚህ «ከዳች» ለማለት ጣታችሁ ሲበላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከመሄዷ በፊት ምን ሰጠናት? ጫማ? አሠልጣኝ? ወረፋ የሌለበት ዕድል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ክህደት የሚባለው ነገር ካለ የጀመርነው እኛ ነን። ቁጣችሁ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቦታ አለው። የየወረዳችሁን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ፣ ለአንዲት የገጠር ተማሪ ሰዓት የሚይዝ ሰው ዘንድሮ ተመድቦ እንደሆነ ጠይቁ። ላስታ ውስጥ ዛሬም ማንም የማይደርስባት ልጅ አለች። ነገ በየትኛው ስም እንደምንጠራት የሚወሰነው ዛሬ በምናደርግላት ነው።