ለሟች የተፈቀደ ቃል

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ዛሬም በጉለሌ ይሰማል። ጨዋ ልጅ ማለትም ድምፅዋ የማይሰማ ማለት ነው ይባላል። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ለቅሶ ሲሄዱ፣ በአደባባይ ግጥም የምትደረድረውን አልቃሽ እንባቸውን እየጠረጉ ያዳምጣሉ፤ ነውረኛ ናት ሲሉ አልሰማሁም። ለሟች የተፈቀደው ቃል ለኗሪ ስለ ምን ይከለከላል?

በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሲሆኑ ቅኔ ተቀኝተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ቴአትርና ግጥም ያለበትን «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት በገዛ ስማቸው ነው። እኒህ ሴት በወረራው ዘመን ወደ ኢጣልያ ተግዘው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት የመሩ፣ በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። ግጥም መጻፋቸው ከሴትነታቸው ምን አጎደለ?

ለዚህ መጽሔት ግጥም ካመጡት እኅቶቻችን አንዳንዶቹ «ስሜ ይቅር፣ አባቴ ያየዋል» ብለዋል። የወንዶቹ ግን፣ ቤት ያልመታው እንኳ፣ ከነሙሉ ስማቸው ታትሟል። እኅቶቼ ሆይ፣ ለከርሞ ስማችሁን ጻፉ፤ አባት ቢቆጣ እኛ የክፍል ጓደኞቻችሁ ቤታችሁ ድረስ መጥተን እናስረዳለን።