ቋንጣው ሳይደርቅ የሚያልቅ ተክቢራ

የአረፋ በዓል ማለዳ በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው ባሉ ጎዳናዎች ተክቢራው ከድምፅ ማጉያው ቀድሞ ከሰው ይወጣል። ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው «አላሁ አክበር» ይላሉ። ሶላቱ ተሰግዶ ኹጥባው ተደምጦ ሕዝቡ ሲበተን ግን ተክቢራውም አብሮ ይበተናል። ከሰዓት በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ በጉና ስለ በሬው ነው። በማግስቱ ዙህር ላይ ኢማሙ ካሰላመቱ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጫማውን ፍለጋ የሚጣደፍ ሰው ኮቴ ነው።

ተክቢራው ግን ገና አላለቀም።

በሰፊው በሚሠራበት አቋም፣ ከግዴታ ሶላቶች በኋላ የሚባለው ተክቢራ የሚጀምረው በዓሉ ሳይገባ፣ ዙልሒጃ 9 ቀን በአረፋ ዕለት ከሱብሒ ሶላት ነው። የሚያበቃው ደግሞ በ13ኛው ቀን የአስር ሶላት ላይ ነው። ሲቆጠር 23 ሶላት ይሆናል። የቀደሙት ሊቃውንት በቁጥሩ ተለያይተዋል። አቡ ሐኒፋ የኢብን መስዑድን ፈለግ ይዘው በበዓሉ ቀን አስር ላይ ሲያቆሙ፣ ስምንት ሶላት ብቻ ይደርሳቸዋል። ሁለቱ ታላላቅ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አል ሸይባኒ ግን ከዐሊይ የተላለፈውን 23ቱን መርጠዋል። ማሊኪዎች ከበዓሉ ቀን ዙህር ጀምረው እስከ 13ኛው ቀን ሱብሒ 15 ይቆጥራሉ። ሐነፊዎች ግዴታ ሲሉት ሌሎቹ ሱና ይሉታል። ከእነዚህ መዝሀቦች በአንዱም ቢሆን ተክቢራው በዒድ ሶላት አያልቅም።

ከዒድ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት «አያመ ተሽሪቅ» ይባላሉ። ለስያሜው ከሚሰጡት ማብራሪያዎች የታወቀው ከሥጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ የጥንት ዐረቦች የእርዱን ሥጋ ዘልዝለው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ ቋንጣ ነው። ነቢዩ እነዚህን ቀናት የመብል፣ የመጠጥና አላህን የማውሳት ቀናት ብለዋቸዋል፤ ጾምም አይጾምባቸውም። ከመብል፣ ከመጠጥና ከማውሳት ሁለቱ በየቤቱ በሚገባ ይፈጸማሉ። ሦስተኛው ነው ቋንጣው ገመድ ላይ ሳይደርቅ የሚረሳው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቡኻሪ እንደመዘገቡት ኸሊፋ ዑመር ሚና ውስጥ ከድንኳናቸው ሆነው ተክቢራ ሲሉ መስጊድ ያሉት ይሰሟቸውና ይቀበላሉ፤ ከዚያም ገበያተኛው ይከተላል፤ ሸለቆው በድምፅ ይናወጣል። ኢብን ዑመርና አቡ ሁረይራ በዙልሒጃ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ገበያ የሚወጡት ተክቢራ እያሉ ነበር። ሴቶችም በተሽሪቅ ሌሊቶች ከአባን ኢብን ዑስማንና ከዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ኋላ ሆነው ከወንዶቹ ጋር መስጊድ ውስጥ ተክቢራ ይሉ እንደነበር እዚያው ተጽፏል። ማጉያ አልነበረም፤ ድምፁ የሚሻገረው ከአንዱ ሰው አፍ ወደ ሌላው ነበር።

ዛሬ አንዳንዱን ዝም የሚያሰኘው ክርክር ነው። በኅብረት በአንድ ድምፅ ማለት ቢድዓ ነው የሚሉ አሉ፤ በጀመዓ ማለቱን የሚወዱም አሉ። ኢማም አሽ ሻፊዒ ስለ ዒድ አል ፊጥር ተክቢራ ሲጽፉ ሰዎች በቡድንም ለየብቻም፣ በመስጊድም በገበያም በቤትም እንዲሉት ወደዋል። ክርክሩ በኡለማዎች ዘንድ ቦታ አለው። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ተክቢራው መባሉን ይቀበላሉ፤ ጸጥታውን የሚደግፍ ወገን የለም።

መፍትሔው ገንዘብም ስብሰባም አይጠይቅም። ኢማሙ ካሰላመቱ በኋላ ፊታቸውን ሳያዞሩ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ የመጀመሪያው ሰልፍ ይከተላል። በአረፋ ወደ ጉራጌና ስልጤ አገሩ የሚገባው ነጋዴ፣ ወላጆቹ ቤት ጀመዓ ሲቆም ልጆቹን ከጎኑ አሰልፎ ሊያስጀምራቸው ይችላል። እናትም ወጥ ቤት ሆና ቋንጣውን እያሰጣች ልትለው ትችላለች። የ13ኛው ቀን አስር እስኪሰገድ ድረስ ጊዜ አለ።