ዳንቴልና ዋጋው

ባለፈው ቅዳሜ በሀይሌ ጋርመንት በኩል ሳልፍ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ በመኪና የተሠራ ዳንቴል በሜትር ሲሸጥ አየሁ። ከሱቁ ጎን ደግሞ አንዲት እናት በኪሮሽ የሠራችውን የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ተቀምጣለች። ዋጋውን ስትነግረኝ በሱቁ የተሰቀለውን በእጄ እያመለከትሁ ተከራከርኋት። እርስዋም፣ «ጋሼ፣ ይኸን የጀመርሁት እኮ በሁዳዴ መግቢያ ነው፤ የጨረስሁት ለዳግማይ ትንሣኤ ነው» አለችኝ። አፈርሁ።

ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ምንጩም «ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ ጠርዙ ጥርስ ስለሚመስል እንዲህ ተባለ። በእንግሊዝ አገር የዚህ ሥራ ታሪክ ረዥም ነው። በቤድፎርድሽር፣ በበኪንግሃምሽርና በዴቨን የሚኖሩ የባላገር ሴቶች በትራስ ላይ ስፒል ተክለው፣ ክር የተጠመጠመባቸውን ብዙ ትናንሽ ዘንጎች እያሻገሩ ይጎነጉኑት ነበር። በአንዳንድ ወረዳም የእስክንድርያዪቱን ሰማዕት የቅድስት ካትሪናን በዓል እንደ ሙያቸው በዓል ያከብሩ ነበር።

ይሁን እንጂ የእጅ ሥራ ሁሉ የተባረከ ነበር ማለት አይደለም። «የዳንቴል ትምህርት ቤት» በሚባል ጠባብ ክፍል ውስጥ የ5 እና የ6 ዓመት ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ይሠሩ ነበር። ፊደሉ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ ነበር። መምህር ነኝና፣ ይኸ ቤት ትምህርት ቤት መባሉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በ1809 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጆን ሂዝኮት የተባለ ሰው የዳንቴል መረብ የሚሠራ መኪና አወጣ። በ1816 ሰዎች በላፍቦሮ ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን በሌሊት ሰብረው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። እርሱም ሥራውን ወደ ቲቨርተን አዛወረ፤ ቲቨርተን ደግሞ የእጅ ዳንቴል አገር በሆነው በዴቨን ውስጥ ናት! ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ስታገባ የዴቨን ሴቶች የሠሩትን ዳንቴል ለበሰች፤ ለሠራተኞቹም እንጀራ ሆናቸው። ዳሩ ግን የአንዲት ንግሥት ሠርግ ስንት ዘመን ይመግባል? ኖቲንግሃም የመኪና ዳንቴል ከተማ ሆና ገነነች፤ የመንደር ሴቶች ገበያም እየጠበበ ሄደ።

ወደ ሀይሌ ጋርመንት ልመለስ። ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ 63 ቀን ነው። የተጠራውን ዋጋ ለ63 ባካፍለው፣ ለቀኑ የሚደርሳት አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አይገዛም፤ የክሩም ዋጋ ገና አልተቀነሰም። የጠረጴዛ ልብሱን ዘርግታ ስታሳየኝ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈችው ጣቢታ ትዝ አለችኝ። መበለቶቹ በቅዱስ ጴጥሮስ ፊት እያለቀሱ ያሳዩት የእጅዋን ሥራ ነበር።

የጠራችውን ከፍዬ፣ «እኅቴ፣ ሙያውን ለልጅሽ ታስተምሪያታለሽን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አስተምራታለሁ እንጂ» አለችኝ፤ «ነገር ግን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ የቤት ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ነው።»