ስለ መናገሻ ደንና ስለ ቤት ቦታ ምሪት

ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች።

ሕዝብ ሲበዛ ቤት መሥራት ግድ መሆኑን የሚክድ የለም። ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ መምረጥ ግን የሹም ሥራ ነውና፣ በዚህ ነገር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጐን የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተዘራ ሲነገር ኖሯል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው እስከ ዛሬ አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል፤ ከደኑ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል። ዛሬ በዙሪያው ያሉት ከተሞች፣ አዲስ አበባም ሰበታም ሆለታም፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ ናቸው።

እኔ ዕድሜዬን ከመዝገብ ጋር የጨረስሁ ጸሓፊ እንደ መሆኔ፣ ደን የሚጠፋው አስቀድሞ በምሳር ሳይሆን በደብዳቤ መሆኑን አውቃለሁ። በመጀመሪያ በደኑ ጥግ ለጥቂት ሰዎች ቦታ ይመራል፤ ደኑ አልተነካምና የሚቃወም አይገኝም። ቀጥሎ ለነዋሪዎቹ መንገድ ይወጣል። በመንገዱ ማገዶ ለቃሚ ይገባል፤ ከብትም ይከተላል፤ ከብቱም ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለውን ችግኝ ይረግጣል። ሽማግሌው ጽድ ቆሞ ሲታይ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ዳሩ ግን ወራሽ የለውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል፤ በዚያም ላይ ስፍራው «የተመናመነ ደን» ተብሎ ይጻፋል። ያመናመነው ማን እንደ ሆነ ግን በመዝገቡ አይገኝም።

«ለተቆረጠው ምትክ ይተከላል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ይህ መልስ በዋና ከተማችን ተፈትኗል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፣ ለቤትና ለማገዶ ሲባል ዙሪያው ተመንጥሮ እንጨት እጅግ ስለ ቸገረ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ማገዶ ሰጠ እንጂ ጽዱን አልመለሰም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ የጽድ ችግኝ ትልቅ ዛፍ እስኪሆን ግን ተካዩ ቀርቶ የልጅ ልጁም አይጠብቀውም።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 1065 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ዐዋጅ ሄዶ ወሰን ላይ አይቆምም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ ለቤት የሚሆን ቦታ የሚለየው በሹም ፊርማ ነው። ስለዚህ የምሪት ወረቀት የሚቀርብላችሁ ሹማምንት፣ ቤቱ አስቀድሞ በተመነጠረ ስፍራ ወይም በከተማው ውስጥ ባዶ በተቀመጠ ቦታ ሊሠራ አይችልምን ብላችሁ ጠይቁ። ባለ ይዞታዎችም፣ ከደኑ ጋር የምትዋሰኑበትን መሬት ለቤት ሠሪ ከማሳለፋችሁ በፊት ከብታችሁ የሚጠጣው ውሃ ከወዴት እንደሚመጣ አስቡ።

ከቢሮ የሚላከው ካርታ ሁልጊዜ እውነቱን አያሳይም፤ ይህንም የምለው ብዙ ካርታ የገለበጥሁ ሰው ሆኜ ነው። መጪው በጋ ሲገባ፣ ከመፈረማችሁ በፊት፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ይዛችሁ ወሰኑን በእግራችሁ ዙሩት፤ ያያችሁትንም በዚያው በወረቀቱ ጀርባ ጻፉበት።