ባጃጄን ልሽጥ ወይስ ልያዝ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከአዳማ ነው። ጸሐፊው ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«እናቴ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። ከአሥር ቀን በፊት ምጣድ ላይ እንዳለች ቀኝ ጎኗ ከዳት። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ያለ ደጋፊ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯንም ትንሽ አንቀሳቀሰች። እጇ ግን እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤት ‹ሶደሬ ፍል ውሃ ውሰዳት› ይለኛል። አጎቴ ደግሞ ‹ባጃጅህን ሽጥ፤ እጇን የሚመልስ መድኃኒት ያለው ሰው አውቃለሁ› ይላል። እውነቱን ንገሩኝ፤ እናቴ ትድናለች?»

ወንድሜ፣ እውነቱን ካልክ አልደብቅህም። እግርና እጅ አብረው ቢታመሙም የግድ አብረው አይድኑም። ተስፋቸውም የሚለካው ለየብቻ ነው።

ደስ በሚለው ልጀምር። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ለ30 ሴኮንድ ያለ ድጋፍ የተቀመጡና የታመመ እግራቸውን ጥቂትም ያንቀሳቀሱ ሕሙማን፣ በስድስት ወር ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸው 98 በመቶ ነበር። እናትህ ሁለቱንም አድርገዋል!

እጅ ግን... እዚህ ላይ ጠንከር በል። በ2010 በወጣው ጥናታቸው የ188 ሕሙማንን እጅ ተከታትለዋል። የተመለከቱት ጣት መዘርጋትንና ክንድን ከትከሻ ወደ ጎን ማንሳትን ነው። ጣት ከተዘረጋ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መስመር ጨርሶ አልተበጠሰም ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ሁለቱንም ጥቂት ያሳየ ሰው እጁ የተወሰነ ሥራ የመሥራት ዕድሉ 98 በመቶ፣ ያላሳየ ግን 25 በመቶ ነበር። እስከ ዘጠነኛው ቀን ካልታየ ወደ 14 ይወርዳል።

አሥራ አራት ዜሮ አይደለም። የእዚያና የእዚህ ሕክምና አንድ ስላልሆነም ቁጥሩን እንደ ፍርድ አትየው። ባጃጅ የሚያሸጥ ግን አይደለም! የተበጠሰውን መስመር የሚቀጥል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። አለኝ የሚልህን ሽሸው።

ሶደሬስ? እኔም አክስቴ በታመሙ ጊዜ ሌላ ቦታ ፍል ውሃ ወስደናቸው ነበር። የደነዘዘ እጅ ሙቀት አይለይም፤ ቆዳቸው ተልጦ ተመለሱ። መታጠብ ደስ ካላቸው ሐኪማቸውን ጠይቅ፤ ውሃውንም አስቀድመህ በራስህ እጅ ለካው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ባጃጅህን ያዝ። በእሷ ሥራ፣ በእሷው እናትህን ፊዚዮቴራፒ አመላልስ። ስታነሷቸው የታመመውን ክንድ አትጎትቱ፤ ትከሻው ይጎዳል። የደም ግፊት መድኃኒት ከታዘዘላቸው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ፤ ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ይህ ሁሉ ተስፋ ይናዳል። ቀኝ እጃቸው እስኪለይለት ግራውን ያለማምዱ።

እስከዚያው ከምጣዱ ፊት አንተ ተቀመጥ። እሳቸው ከጎንህ ሆነው ያሳዩህ። «ወንድ ልጅ እንጀራ ጋገረ» ብሎ የሚስቅ ካለ፣ ይሳቅ! ያሳደገህ ያ ምጣድ አይደል?